የጉድጓዱ ውኃ ጨው እየበዛበት ሲሄድ ምን ይደረግ? ከመለካት እስከ ማከፋፈል፣ ደረጃ በደረጃ

ውኃው ጨው ጨው ማለት ሲጀምር ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያደርገው ማፍላት ነው። ያ አልሆን ሲል በነጠላ ያጠልለዋል፤ ቀጥሎ ውኃ አጋር የተባለውን ክሎሪን ይጨምርበታል፤ ከሰል ይነክርበታል፤ የሽፈራው ፍሬ ፈጭቶ ይበትንበታል። በመጨረሻ ኮሚቴው ገንዘብ አዋጥቶ ጉድጓዱን ያስጠልቃል፤ ከታች የወጣውም ከፊተኛው ብሶ ይገኛል። ወራትና ገንዘብ ባክነው ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል።

ማፍላትና ክሎሪን ተሐዋስያንን ይገድላሉ፤ ጨው ግን ሕይወት የለውምና አይሞትም። እንዲያውም 5 ሊትር ውኃ አፍልታችሁ 4 ሊትር ቢቀር፣ በሊትር 2000 ሚሊ ግራም የነበረው ጨው 2500 ይሆናል። ነጠላና አሸዋ ደለልን ይይዛሉ፤ የሽፈራው ፍሬ ድፍርስን ያጠራል፤ ከሰል ሽታ ይቀንሳል። የሟሟውን ጨው ግን አንዳቸውም አይነኩትም። ጨውን ከውኃ የሚለየው ማትነን፣ ወይም በከፍተኛ ግፊት የሚሠራ የሜምብሬን (ጨውን የሚያስቀር ስስ ሽፋን) ማጣሪያ ነው። በአንድ ቤት አቅም ሁለቱም የቀን ፍጆታን አይሸፍኑም። ስለዚህ ያለው መንገድ ለክቶ ማወቅ፣ ውኃን በአገልግሎቱ መለየትና በሒሳብ ማቀላቀል ነው። ከዚህ በታች ያለው ለአፋር፣ ለሶማሌ፣ ለቦረናና ለስምጥ ሸለቆ ቆላማ ወረዳዎች ይሆናል።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በእጅ የሚያዝ የቲዲኤስ መለኪያ (በውኃው ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን በቁጥር የሚያሳይ)። አንድ ለመንደሩ ይበቃል፤ ኮሚቴው ይግዛው።
- በየ1 ሜትሩ ቋጠሮ ያለበትና ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ፣ የጉድጓዱን የውኃ ከፍታ ለማወቅ።
- ክዳን ያላቸው ሦስት ዓይነት ጀሪካኖች፣ የሚለዩበት ቀለም ወይም ክር።
- 1 ሊትር የሚለካ ጆግ።
- ደብተርና እርሳስ። የአንዳንድ እስክርቢቶ ቀለም ውኃ ሲነካው ይጠፋል።
- የገበታ ጨው፣ የሻይ ማንኪያና ትንሽ የዝናብ ውኃ ወይም የታሸገ ውኃ፣ መለኪያውን ለመፈተሽ።

ደረጃ 1፦ ለኩ

1. መለኪያውን ፈትሹ። በ5 ሊትር የዝናብ ውኃ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙ። መለኪያው ከ1000 እስከ 1200 ገደማ ማሳየት አለበት። አንዳንዱ መለኪያ በሌላ ስሌት ስለሚሠራ እስከ 1600 ሊደርስ ይችላል፤ ልዩነቱን ደብተር ላይ ጻፉና ሁልጊዜ በዚያው መለኪያ ለኩ። 300 ወይም 4000 ካሳየ ግን ተበላሽቷል ወይም ባትሪው ደክሟል።
2. ንጋት ላይ፣ ማንም ሳይቀዳ፣ ገመዱን አውርዳችሁ የውኃውን ከፍታ መዝግቡ።
3. የመጀመሪያውን ባልዲ ቀድታችሁ ለኩ። ማታ የመጨረሻው ቀጂ ከሄደ በኋላም ለኩ።
4. መለኪያውን ከባልዲ ወደ ባልዲ ስታሻግሩ በሚለካው ውኃ አለቅልቁት።
5. ሁለቱን ቁጥሮች ከቀኑ ጋር ጻፉ። ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ይህን አድርጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ርካሹ መለኪያ ቁጥሩ ከ999 ሲያልፍ በማሳያው ጥግ ላይ ትንሽ «×10» ያወጣል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ 186 አንብቤ «ደኅና ነው» ብዬ ተነሣሁ። ከጉድጓዱ አፍ የቆሙ አንዲት እናት በእፍኛቸው ቀመሱና «ልጄ፣ ይኼ መሣሪያህ ምላስ የለውም» አሉኝ። ተመልሼ ሳየው 1860 ነበር። ምላስና ቁጥር ካልተስማሙ እንደገና ለኩ።

*መለኪያ ከሌላችሁ* በ5 ሊትር የዝናብ ውኃ አንድ፣ ሁለትና ሦስት የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙና ሦስት ናሙና አዘጋጁ፤ በግምት 1000፣ 2000 እና 3000 ይሆናሉ። ጉድጓዱን ለረጅም ጊዜ ያልጠጣ ሰው፣ ለምሳሌ ከከተማ የመጣ ዘመድ፣ አፉን ተጉመጥምጦ ያወዳድር። የለመደ ምላስ ዳኛ አይሆንም። ቡናን በጨው የሚጠጣ ሰው ደግሞ ቡናን መለኪያ አያድርግ።

*ቁጥሩ ምን ይላል?* ቁጥሩ በሊትር ስንት ሚሊ ግራም የሟሟ ነገር እንዳለ ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ600 በታች ያለውን በጣዕም ጥሩ ይለዋል፤ ከ1000 በላይ ጣዕሙ እየከፋ እንደሚሄድ ይናገራል። በሥራ ላይ የምጠቀምበት መስመር ይህ ነው፦ እስከ 1000 ለሁሉም፤ ከ1000 እስከ 1500 ጤነኛ አዋቂ በችግር ጊዜ ሊጠጣው ይችላል፤ ከ1500 እስከ 3000 ሳይቀላቀል አይጠጣ፤ ከ3000 በላይ ለመጠጥ ዝጉት። 3000 የሚያሳየው ውኃ አብዛኛው የገበታ ጨው ከሆነ፣ በቀን 3 ሊትር የጠጣ ሰው ወጥ ሳይቀምስ 9 ግራም ጨው ወስዷል። ለአዋቂ የሚመከረው ግን ምግቡን ጨምሮ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው።

ደረጃ 2፦ የጨዉን ዓይነት ለዩ

መለኪያው ብዛቱን እንጂ ዓይነቱን አይናገርም። በቤት ውስጥ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው።

- ጥርት ያለ የጨው ጣዕም፦ የገበታ ጨው ዓይነት ነው። የቡሖ ሊጥ ከወትሮው ዘግይቶ ይቦካል።
- መራራ፣ ከጠጡት በኋላ ሆድ የሚያላላ፦ ሰልፌትና ማግኒዥየም። ሳሙና አረፋ እንቢ ይላል። ተቅማጡ በተሐዋስያን ከሚመጣው ጋር ስለሚመሳሰል፣ ክሎሪን ተጨምሮበትም ካልቆመ ይህን ጠርጥሩ።
- አመድ አመድ የሚል፣ በጣት መካከል የሚያንሸራትት፦ ሶዳ ያለበት ውኃ። ሳሙና ወዲያው ይደፍቃል፤ ሻይ ቅጠል ገና ሲነካው ይጠቁራል። በስምጥ ሸለቆ እንዲህ ያለው ውኃ ብዙ ጊዜ ከፍተኛ ፍሎራይድ ይዞ ይመጣል። የመንደሩን ልጆች ጥርስ ተመልከቱ፤ ቡናማ ነጠብጣብ ካለ ሳትዘገዩ አስመርምሩ።

የከብት በረት ወይም መጸዳጃ ከጉድጓዱ አጠገብ ካለና የጎረቤት ጉድጓዶች ደኅና ሆነው የእናንተ ብቻ ከጨወመ፣ ድርቁን አትውቀሱ። የከብት ሽንትና የመጸዳጃ ፍሳሽ ጨውም ናይትሬትም ያመጣሉ። ናይትሬት በማፍላት አይወጣም፤ በዚያ ውኃ ዱቄት ወተት የተበጠበጠለት ሕፃን ከንፈሩና ጥፍሩ ሰማያዊ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከታየ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ስትልኩ የ1 ሊትር ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ በዚያው ውኃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፤ እስከ አፉ ሙሉትና ክደኑት፤ የጉድጓዱን ስም፣ ቀንና ሰዓት ጻፉበት። የወረዳውን ውኃ ጽሕፈት ቤት ስትጠይቁ «ይመርመርልን» ብላችሁ አታብቁ። ፍሎራይድ፣ ናይትሬት፣ ሶዲየም፣ ክሎራይድና ሰልፌት ብላችሁ በስማቸው ጠይቁ። የፍሎራይድ መስመሩ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም፣ የናይትሬት ደግሞ 50 ነው። በደፈናው የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ የተሐዋስያን ውጤት ብቻ ይዞ ይመለሳል።

ደረጃ 3፦ ውኃውን በጀሪካን ለዩ

አብዛኛው ቤት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ጣፋጩ ውኃ ይመጣል፣ ሁሉም ነገር ላይ ይፈስሳል፣ በሦስተኛው ቀን ሕፃኑም እናቱም ጨዋማውን ይጠጣሉ።

1. ጣፋጭ ውኃ (ዝናብ፣ ቦቴ ያመጣው ደኅና ውኃ)፦ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት፣ የደም ግፊት፣ የልብና የኩላሊት ሕመም ላለበት፣ ለተቅማጥ ሕመምተኛና ለመድኃኒት መዋጫ ብቻ።
2. ቅልቅል ውኃ፦ ለጤነኛ አዋቂ መጠጥ፣ ለወጥና ለሊጥ።
3. ጨዋማ ውኃ፦ ለልብስ፣ ለዕቃ የመጀመሪያ እጥበት፣ ለእግር፣ ለመጸዳጃ፣ በልኩም ለከብት።

በአንድ ቀበሌ ያየሁትን ልንገራችሁ። የገበያው ጀሪካን ሁሉ ቢጫ ነው፤ ማታ በኩራዝ ብርሃን የቱ የቱ እንደሆነ ማን ያውቃል? አንዲት እናት በጣፋጩ ጀሪካን እጀታ ላይ ቀይ ክር ጠምጥማ አስራ፣ የጨዋማውን እጀታ በቢላ ሦስት ቦታ አቅስላው ነበር። ማንበብ የማትችለው የስድስት ዓመት ልጇ በጨለማ እጀታውን ዳስሳ ትለያለች። በጽሑፍ የሚለጠፍ ምልክት ከዚህ አይበልጥም።

ማስጠንቀቂያ፦ ኦአርኤስን (ለተቅማጥ ሕመምተኛ የሚበጠበጠውን ዱቄት) በጨዋማ ውኃ አትበጥብጡ። የ1 ሊትሩ ፓኬት 2.6 ግራም የገበታ ጨው አለው። 2600 በሚያሳይ ውኃ ከበጠበጣችሁት ጨዉ እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ውኃ ያለቀበት ሕፃን ደግሞ ይህን አይችለውም። ለዚህ የሚሆን ቢያንስ 2 ሊትር ጣፋጭ ውኃ በየቤቱ ሁልጊዜ ተለይቶ ይቀመጥ፤ በየሁለት ቀኑ አድሱት። ከሌላችሁ ራሳችሁ ፓኬቱን ከፍላችሁ ለማስተካከል አትሞክሩ፤ ልጁን ይዛችሁ ወደ ጤና ኬላ ሂዱ፣ የሚጠባ ከሆነም በመንገድ አጥቡት። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ በድርቅ ወቅትም ውኃ አትጨምሩለት።

ነፍሰ ጡር ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ራሷን ጠንክሮ ካመማት ወይም ዓይኗ ከደበዘዘባት የውኃውን ነገር ተዉትና በዚያው ዕለት ግፊቷን አስለኩ።

ስለ ወጥ አንድ ነገር። ውኃው ጨዋማ ስለሆነ ብለው ጨው ጨርሰው የሚተዉ አሉ። የጉድጓዱ ጨው አዮዲን የተጨመረበት የገበያው ጨው አይደለም፤ ጨርሶ መተው እንቅርት ያመጣል። ወጡን በቅልቅሉ ውኃ ሥሩ፣ አዮዲን ያለውን ጨው በቆንጥር ብቻ፣ ድስቱ ሊወርድ ሲል ጣሉበት።

ደረጃ 4፦ በሒሳብ አቀላቅሉ

«ትንሽ ከዚህ ትንሽ ከዚያ» አይሠራም። ለ20 ሊትር ጀሪካን የዝናብ ውኃ የምትጠቀሙ ከሆነ ስሌቱ አንድ መስመር ነው፦

20000 ÷ የጉድጓዱ ቁጥር = ጀሪካኑ የሚችለው የጨዋማ ውኃ ሊትር

ጉድጓዱ 2600 ካሳየ 20000 ÷ 2600 = 7.7። ወደ ታች አጠጋጉና 7 ሊትር ጨዋማ፣ 13 ሊትር ዝናብ። ጉድጓዱ 3000 ከሆነ 6 ሊትር ብቻ።

የቦቴ ውኃ ግን ራሱ ጨው አለው። 400 ካሳየ እንዲህ አስሉ፦ ከ1000 ላይ 400 ቀንሱ፣ 600፤ በ20 አባዙ፣ 12000። ከጉድጓዱ 2600 ላይም 400 ቀንሱ፣ 2200። 12000 ÷ 2200 = 5.4። ስለዚህ 5 ሊትር ጨዋማ ብቻ።

1. ጨዋማውን በጆግ ቆጥራችሁ መጀመሪያ ጨምሩ።
2. በጣፋጩ ሙሉት፤ ክደኑና አገላብጡ።
3. ለኩ። ከ1000 በላይ ከሆነ ጥቂት አፍስሱና ጣፋጭ ጨምሩ።
4. ክሎሪኑን ከተቀላቀለ በኋላ፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሩ፤ 30 ደቂቃ ጠብቁ። የተደፈረሰ ከሆነ አስቀድማችሁ አጥልሉት።

*ፍሎራይድ ካለ* ሒሳቡን የሚወስነው ጨዉ ላይሆን ይችላል። ያው 2600 የሚያሳይ ጉድጓድ 6 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ካለው፣ 7 ሊትር የጨመራችሁበት ጀሪካን 2.1 ይሆናል፤ ከመስመሩ አለፈ። 5 ሊትር ስትጨምሩ ግን 1.5 ላይ ይቆማል። ለሁለቱም አስሉና ያነሰውን ውሰዱ። የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ያላችሁ፣ እርሱ ፍሎራይድን እንጂ ጨውን እንደማይቀንስ አትዘንጉ።

*ጣፋጭ ውኃ ካነሰ* ለሁሉም ጨው የበዛበት ቅልቅል አታድርጉ። ሕፃናቱንና ሕመምተኞቹን በጣፋጩ አቆዩ፤ ጤነኞቹ አዋቂዎች ለጥቂት ቀናት እስከ 1500 ይታገሡ።

ደረጃ 5፦ ጉድጓዱን አሳርፉት

በብዙ ቦታ ቀለል ያለው ውኃ ከላይ፣ ጨው የበዛበት ከበታች ነው። ዝናብ ጠፍቶ ከላይ የሚተካ ሲታጣና በሞተር በኃይል ሲሳብ የታችኛው ወደ ላይ ይነሣል። የንጋቱና የማታው ቁጥር ይህን ይነግራችኋል።

- ማታ ከንጋት ከበለጠ (ለምሳሌ ንጋት 1400፣ ማታ 2100)፦ ከአቅሙ በላይ እየተሳበ ነው። ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሱና ሰዓቱን አርዝሙ። ተራውን ንጋትና አመሻሽ ላይ ክፈሉት፣ ቀትር ላይ ይረፍ። የመጀመሪያዎቹ የንጋት ባልዲዎች ለመጠጥ፣ የመጨረሻዎቹ ለከብትና ለልብስ ይሁኑ።
- ንጋት ከማታ ከበለጠ፦ የቆመው ውኃ ነው የተበላሸው። ንጋት ላይ ጥቂት ባልዲ ቀድታችሁ ለልብስ አቆዩ፣ ቁጥሩ ሲረጋ መጠጡን ቅዱ። የጉድጓዱን አፍም ክደኑ።
- ሁለቱም እኩል ሆነው በየሳምንቱ ከጨመሩ፦ የአካባቢው የከርሰ ምድር ውኃ ራሱ እየተለወጠ ነው። ጉድጓዱን ማከም አያዋጣም፤ ወደ ደረጃ 6 እለፉ። በመተሐራ ዙሪያ ጨዋማው በሰቃ ሐይቅ ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ40 በላይ ሸፍኗል፤ እንዲህ ባለ ቦታ ጨዉ የመጣው ከድርቅ ብቻ ነው ብሎ ዝናብን መጠበቅ ራስን ማታለል ነው።
- ከዝናብ በኋላ በድንገት ከጨመረ፦ በመሬቱ ላይ የደረቀው ነጭ ጨው እየታጠበ ገብቷል። የጉድጓዱን አፍ በግንብ ከፍ አድርጉ፣ ጎርፉን የሚመልስ ቦይ ቆፍሩ፣ በረቱን አርቁ።

ፓምፕ ካለ ባለሙያው መምጠጫውን ወደ ላይ ከፍ ያድርገው፤ ግን በዝቅተኛው የውኃ ከፍታ ጊዜም ከውኃ በታች መቆየት አለበት። አየር የሳበ ፓምፕ ይቃጠላል።

*ማጥለቅን በተመለከተ*፦ ከማስቆፈራችሁ በፊት አፉ በቡሽ የተዘጋና ክብደት የታሰረበት ጠርሙስ በገመድ አውርዱ፤ ለቡሹም ሌላ ቀጭን ገመድ አብጁለት። ጠርሙሱ ወለሉ ላይ ሲደርስ ቡሹን ስባችሁ ንቀሉ፣ ሲሞላ አውጡና ለኩ። የታችኛው ከላይኛው ከበለጠ አታጥልቁ። እኩል ከሆነም የጎረቤት ጥልቅ ጉድጓዶችን ለክታችሁ ብቻ ወስኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ በነዳጅ የሚሠራ ፓምፕ ወደ ጉድጓድ ውስጥ አታውርዱ፤ ጭሱ የታመቀበት ጉድጓድ ውስጥም ማንም አይግባ። ጋዙ ሽታ የለውም። የወደቀውን ላውጣ ብሎ የሚወርደውም ሁለተኛ ሟች ይሆናል።

ደረጃ 6፦ የሚመጣውን ዝናብ ያዙ

ዝናብ የጠፋበት ሰው ይህን ሲሰማ ይቆጣል፤ አውቃለሁ። ግን በድርቅ ዓመትም አንድ ሁለት ቀን ያካፋል፤ አሸንዳ የሌለው ቤት ያንን ያጣል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው። 6 በ5 ሜትር የሆነ ቆርቆሮ በ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ የሚባክነው ሲቀነስ፣ 480 ሊትር ገደማ ይሰጣል። ይህ 24 ጀሪካን ነው፤ ከ2600ው ጉድጓድ ጋር ሲቀላቀል 36 ጀሪካን የሚጠጣ ውኃ ይሆናል።

1. ዝናቡ ከመድረሱ በፊት ጣሪያውን ጥረጉ፤ የወፍ ኩስና አቧራ አውርዱ።
2. አሸንዳውን በየ3 ሜትሩ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል እያዘቀዘቃችሁ እሰሩ። ለጥ ካለ ውኃ ያቁራል፤ በጣም ካዘነበለ በኃይለኛ ዝናብ ይዘልላል።
3. የመጀመሪያውን ውኃ ለመጠጥ አትያዙ፤ በካሬ ሜትር 1 ሊትር፣ ለ30 ካሬ ሜትር ጣሪያ አንድ ጀሪካን ተኩል ያህል፣ ለልብስ አውሉት።
4. ከዚያ ወደ ሮቶው ወይም ወደ በርሜሉ አዙሩት፤ አፉን በወንፊት ጨርቅ እሰሩ።
5. ክደኑት። ብርሃን የገባበት ውኃ አረንጓዴ ያበቅላል፣ ትንኝም ይፈለፍላል።

የነዳጅ ወይም የኬሚካል በርሜል ቢታጠብም አይሁን። ቆርቆሮ የሌለው ቤት ንጹሕ ሸራ በአራት እንጨት ወጥሮ መሐሉ ላይ ድንጋይ ያድርግበት፤ ከሥሩ ጀሪካን ያስቀምጥ።

ብርካ ወይም የሲሚንቶ ጋን የምትሠሩ ከሆነ ሲሚንቶውን በጨዋማው ውኃ አታቡኩ። ጨው ብረቱን ይበላዋል፤ ግንቡ ይሰነጠቅና የሰበሰባችሁትን ያፈስሳል። ጣፋጭ ውኃ በሲሚንቶ ላይ ማፍሰስ ያሳዝናል፣ ግን ያስፈልጋል።

*ቦቴ ሲመጣ* ከመራገፉ በፊት አሽትቱና ለኩ። ነዳጅ ከሸተተ ለመጠጥ አትቀበሉ። ከ1000 በላይ ካሳየም ከጉድጓዳችሁ ጋር አወዳድሩ፤ ከሌላ ጨዋማ ጉድጓድ ቀድቶ የሚመጣ ቦቴ አለ።

ደረጃ 7፦ ከብቱን አትርሱ

እስከ 3000 ለከብት ደኅና ነው፤ ዶሮ ግን ኩሷ ይቀጥናል። ከ3000 እስከ 5000 ከብት ይችለዋል፣ ለዶሮ አይሆንም። ከ5000 እስከ 7000 ለእርጉዝና ለምታጠባ አትስጡ። ከ7000 በላይ አደጋ ነው፤ ከ10000 በላይ ለማንም አትስጡ።

- ከጣፋጭ ወደ ጨዋማ በአንድ ቀን አታሻግሩ፤ በሳምንት ውስጥ እያቀላቀላችሁ አስለምዱ።
- አሞሌና ቦሌ (ከብት የሚልሰው ጨዋማ አፈር) ከፊታቸው አንሡ። ጨዉን ከውኃው እያገኙ ነው።
- ገንዳውን በየቀኑ ጥረጉ። ፀሐይ የዋለበት ገንዳ ከጉድጓዱ የባሰ ይጨውማል፤ ገንዳውን ትተው ጉድጓዱን ብቻ ለክተው የተሳሳቱ ብዙ ናቸው።

ከብቱ ከተንገዳገደ፣ እንደ ዕውር ከሆነ ወይም ከተንቀጠቀጠ ጨው በዝቶበት ሊሆን ይችላል። ያኔ ጣፋጭ ውኃ እንዳገኘ እንዲጠጣ መልቀቅ ይገድለዋል፤ አንጎሉ ያብጣል። ጥቂት በጥቂት ስጡት፦ 200 ኪሎ ለምትመዝን ላም በሰዓት 1 ሊትር ያህል፣ 30 ኪሎ ለሆነ ፍየል ሁለት ስኒ። የእንስሳት ጤና ባለሙያም አስጠሩ።

የጓሮ አትክልት ላይ ብዙ አልቆይም። ባቄላ፣ ቦሎቄ፣ ሽንኩርትና ካሮት ጨው አይችሉም፤ ገብስ፣ ጥጥና ተምር የተሻለ ይችላሉ። ውኃውን ቅጠል ላይ አትርጩ፣ ሥር ላይ አፍስሱ፣ መሬቱን በገለባ ሸፍኑ። አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ከታየ በዚያ መደብ ላይ ማጠጣቱን አቁሙ።

ደረጃ 8፦ ማትነንና ማጣሪያ፣ በልኩ

በፀሐይ ማትነን ለሕፃንና ለመድኃኒት የሚሆን ጥቂት ውኃ ይሰጣል። ጥቁር ወለል ያለው ጥልቀት የሌለው ሣጥን ሥሩ፤ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ጨዋማ ውኃ ጨምሩበት፤ መስተዋት ወደ አንድ ጎን አዘንብላችሁ ክደኑት፤ በመስተዋቱ ዝቅተኛ ጠርዝ ላይ የሚንጠባጠበውን የሚቀበል ቦይ አድርጉ። በደንብ የታሸገ 1 ካሬ ሜትር ሣጥን በጥሩ ፀሐይ በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ያወጣል። መስተዋቱ ላይ ጤዛ ታይቶ ውኃ ካልወረደ አዘነባበሉ አንሷል። ጤዛም ከሌለ በሆነ ቦታ ትነቱ ይወጣል፤ ጠርዙን በጭቃ ወይም በጎማ ዝጉ። የወጣው ውኃ ጨው ጨው ካለ ከታችኛው እየተረጨ ነው፤ የምትጨምሩትን ቀንሱ። የቀረውን ጨዋማ በየቀኑ አውጡ።

በድስትና በእሳት ይህንኑ ለመሥራት አትሞክሩ። በሦስት ጉልቻ 1 ሊትር ለማትነን ከአንድ ኪሎ በላይ እንጨት ያልቃል።

የሜምብሬን ማጣሪያ ለመንደሩ ልስጣችሁ የሚል ሲመጣ ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሜምብሬኑን ማን፣ በማን ገንዘብ ይቀይራል? ኃይሉ ከየት ይመጣል? ከማጣሪያው የሚወጣው እጅግ ጨዋማ ውኃስ ወዴት ይፈስሳል? መልሱ «ከጎኑ ባለው ጉድጓድ» ከሆነ ያው ውኃ ዞሮ ወደ ቦኗችሁ ይመለሳል።

ደረጃ 9፦ ዝናብ ሲመለስ

በመጀመሪያው ዝናብ ማግሥት ወደ ጉድጓዱ አትሩጡ። የንጋትና የማታውን ልኬት በየሳምንቱ ቀጥሉ። የንጋቱ ቁጥር ሦስት ሳምንት በተከታታይ ከ1000 በታች ከዋለና የማታው ከእርሱ ብዙ ካልራቀ፣ በክሎሪን አክማችሁ መጀመሪያ ለጤነኛ አዋቂዎች ክፈቱት። ነፍሰ ጡሮችና ሕመምተኞች የላቦራቶሪው ውጤት እስኪመጣ ቀይ ክር ባለው ጀሪካን ይቆዩ፤ ለሕፃናቱ ደግሞ የናይትሬቱንና የፍሎራይዱን ቁጥር ሳታዩ አትቀይሩ።